ድንጋዩን ማን ያንሳው?

በላስታ ጎርፍ ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንደኛው በሐምሌና በነሐሴ፣ ሰማዩ ተቀዶ፣ ከተራራው እየተንደረደረ የሚወርደው ነው። እሱን ሁሉም ያየዋል፤ ስልክ ያለው ይቀርጸዋል፣ ቀበሌው ሪፖርት ይጽፍበታል፣ ሬዲዮውም አንድ ቀን ያወራለታል። ሁለተኛው ጎርፍ ድምፅ የለውም። የመጀመሪያው ጥሎት የሄደው ድንጋይ፣ አሸዋና ግንድ በጅረቱ ሆድ ውስጥ ተኝቶ የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል። ያ ነው ሁለተኛው ጎርፍ። የመጀመሪያውን ሰማይ ላከው እንበል። ሁለተኛውን የሚልከው ግን በጀት ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ የበጀት አለመኖር።

የማነሳው ሙግት አጭር ነው። ከጎርፍ በኋላ ጅረትን ማጽዳትና ወደ ቦታው መመለስ የገበሬው የግል ዕዳ አይደለም፤ የመንግሥት ሥራ ነው። እንደ መንገድ ጥገና፣ እንደ ክትባት፣ እንደ ትምህርት ቤት ገንዘብ ተይዞለት በየዓመቱ መሠራት ያለበት ነገር ነው። ዛሬ እንዲህ አይሠራም። የማይሠራውም «አገሩ ድሃ ስለሆነ» ብቻ ነው የሚለውን መልስ አልቀበልም።

ብልባላን ለማያውቅ አንባቢ፦ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እንግዳ የሚያውቃት በዓለት ፍልፍሎቹ በብልባላ ጊዮርጊስና በብልባላ ቂርቆስ ነው፤ ወይም ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሲሄድ አልፏት። አገሩ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ያለበት ደጋ ነው። ተዳፋቱ ቁልቁል ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን አጸድ ውጭ ዛፍ የቀረው ጥቂት ነው። ዝናቡ ሲወርድ የሚይዘው ሥር የለም፣ የሚያዘገየው ሣር የለም፤ ስለዚህ በየፈፋው ተሰብስቦ በደቂቃዎች ውስጥ ደራሽ ይሆናል።

ደራሽ ጎርፍ የሚሠራውን ገበሬው ከማንም መሐንዲስ በላይ ያውቀዋል። ቁልቁለቱ ላይ ጉልበት ስላለው በሬ የሚያህል ቋጥኝ ሳይቀር ያንከባልላል። ተዳፋቱ አልቆ ሜዳ ሲጀምር ግን ጉልበቱ ይከዳዋል፤ የተሸከመውን መጣል ይጀምራል። መጀመሪያ ትልቁን ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ ቀጥሎ አሸዋውን፣ መጨረሻ ላይ ደለሉን። ሜዳው ደግሞ እርሻው ያለበት ነው። አንድ ሰው ቁሞ የማይታይበት የነበረ የጅረት ሆድ በሁለት በሦስት ክረምት ተሞልቶ ከማሳው ጋር እኩል ይሆናል። ሞልቶ ሲያበቃ ውኃው በሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ቤቱን ያጣል። ቤቱን ያጣ ውኃ ምን ያደርጋል? የሰው ቤት ይገባል። በጤፉ መካከል፣ በምንጩ ላይ፣ በመንገዱ ሥር አዲስ መሄጃ ይቀዳል። አንድ ግንድ የመንገድ ቱቦ አፍ ላይ ተጋድሞ ከከረመ፣ ውኃው በላይ ዘልሎ መንገዱን ይቆርጠዋል፤ ያኔ ነፍሰ ጡሯን ወደ ጤና ጣቢያ፣ እህሉን ወደ ገበያ የሚወስድ መኪና ይቆማል።

ይህን የምዘረዝረው አንድ ነገር እንዲታይ ነው። ያልተነሳ የአምና ድንጋይ የዘንድሮ ጎርፍ መንገድ ጠራጊ ነው። ስለዚህ ከጎርፍ በኋላ ማጽዳት «መልሶ ማቋቋም» ብቻ ሳይሆን ቅድመ መከላከልም ነው። ሁለቱን ለያይተው በሁለት ቢሮ ያስቀመጧቸው ሰዎች ጅረት አያውቁም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ጎርፍ ሲደርስ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኮሚቴ ይዋቀራል። ጉዳት የደረሰበት ሄክታርና አባወራ ይቆጠራል። ሪፖርቱ ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ይወጣል። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ የሚወርደው፣ ከወረደ፣ ስንዴና ዘይት ነው። ስንዴው አይጠላም፤ የተራበ ሰው መብላት አለበት። ግን እኮ ስንዴ ድንጋይ አያነሳም። ማሳው በአሸዋ እንደተቀበረ የተረዳው ገበሬ በሚቀጥለው ዓመትም ለስንዴው ይሰለፋል፣ ከዚያ ቀጥሎ ባለውም። እርዳታ ጠባቂ አደረጉት ብለን እንወቅሰዋለን። ያደረገው ማን ሆነና?

እስኪ የበጀቱን የቀን መቁጠሪያ ተመልከቱት። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያበቃል። ጎርፉ የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ማለትም በጀቱ ታውጆ፣ ተከፋፍሎ፣ መዝገቡ ተዘግቶ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ጎርፉ ይደርሳል። በነሐሴ የተሞላ ጅረት በዚያ ዓመት በጀት ውስጥ ስም የለውም። ለሚቀጥለው ዓመት ቢጠየቅለት ገንዘቡ የሚለቀቀው ከሐምሌ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ አዲሱ ጎርፍ በር ላይ ቆሟል። ስለዚህ ማንም ክፉ ሰው ሳይኖር፣ ማንም ሳይሰርቅ፣ ሁሉም ደንቡን ጠብቆ እየሠራ፣ ጅረቱ ለዘላለም ሳይጸዳ ይኖራል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት አባቶች የበጀት መመሪያ ቢጽፉ ኖሮ እንዲህ አይጽፉትም ነበር።

ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ከጥቂት ገበሬዎች ጋር ሄጄ አውቃለሁ። ጅረቱ ከአልጋው ወጥቶ ሦስት ማሳ በልቷል። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ሰውዬ ማመልከቻውን በሁለት እጃቸው አቀረቡ። ወጣቱ ባለሙያ ትሁት ነበር፣ ወንበርም ሰጣቸው። «አያ፣ እውነትዎን ነው» አላቸው፤ «ግን የጅረት ማጽጃ የሚባል የሂሳብ መደብ የለንም። ለችግኝ አለ፣ ለሥልጠና አለ፣ ለነዳጅ ትንሽ አለ። ለዚህ ግን ከየት አውጥቼ ልክፈል?» ሰውዬው ትንሽ አሰቡና፣ «ታዲያ ጎርፉ ሥልጠና ይሰጠው» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ ባለሙያውም ሳቀ። ማመልከቻው እዚያው ቀረ። ልጁን አልወቅሰውም። የወረዳ ጥቅል በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ የተረፈችውን ጥቂት ደግሞ መደቧን ሳይለቅ ነው የሚያወጣት። የምወቅሰው ሂሳብ መደብ ሲከፈት ጅረትን የረሳውን ነው።

ገንዘብ የለም ይሉናል። ይህ መልስ እውነት የሚመስለው ከብልባላ ሆነው ሲሰሙት ብቻ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ወንዞች ዳርቻ ለማልማት 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍንና 29 ቢሊዮን ብር የሚፈልግ ፕሮጀክት ይፋ ሆነ። ለዚያ ሲባል «ገበታ ለሸገር» ተዘርግቶ አንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ተሸጠ። በወንዝ መጽዳት አልቀናም፤ የአዲስ አበባ ወንዞች ለዓመታት የቆሻሻ መጣያ ሆነው የኖሩ ናቸው፣ መታከም ይገባቸዋል። የምለው ሌላ ነው። ያ ፕሮጀክት አንድ ነገር አረጋግጧል፦ የኢትዮጵያ መንግሥት ወንዝን ማጽዳት የመንግሥት ሥራ መሆኑን ያውቃል፣ ሲፈልግም ገንዘቡን ያገኛል። እንግዲህ ጥያቄው «ወንዝ በሕዝብ ገንዘብ ይጸዳል ወይ?» መሆኑ ቀርቷል። ጥያቄው «የማን ወንዝ?» ሆኗል። ዳር ዳሩ ካፌ የሚከፈትበት ወንዝ ነው ወይስ ዳር ዳሩ ገብስ የሚዘራበት?

መዝገቡ ተዘግቷል የሚለውም መልስ አያስኬድም። በ2017 የበጀት ዓመት የፌዴራል መንግሥቱ ወደ 971 ቢሊዮን ብር በጀት ካጸደቀ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ጸድቋል። ምክንያቱ የውጭ ምንዛሪው ለውጥ ያመጣው ወጪ ነበር። ምንዛሪ ሲናወጥ በዓመቱ መካከል መዝገብ ይከፈታል ማለት ነው። ተራራ ሲናወጥስ?

ችግኙንም ላንሳው፤ ሳላነሳው ብቀር ያው ይነሳብኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ለዓለም ተነገረ። ዛፍ መትከል መልካም ነው፤ የላስታ ተራራ ከዛፍ በላይ የሚፈልገው ነገር የለም። ሆኖም በሐምሌ የምንቆጥረውን በመስከረም አንቆጥረውም። ባልተያዘ ቦረቦር ዳር የተተከለ ችግኝ በመጀመሪያው ደራሽ ተነቅሎ ይሄዳል፤ እሱ ራሱ ታች ያለውን ቱቦ የሚዘጋ ቆሻሻ ይሆናል። መጀመሪያ ውኃው አደብ መግዛት አለበት፣ ከዚያ ዛፉ ይይዘዋል። ይህ ቅደም ተከተል ለካሜራ አይመችም። ድንጋይ ማንሳት ፎቶ አያምርበትም።

መንግሥታችን ለጎርፍ ገንዘብ የሚያገኘው መቼ እንደሆነ ታሪኩ ይናገራል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን መታ። ዝናቡ የጣለው ከከተማዋ በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ ነበር፤ የሞተው ግን በደረቁ ወንዝ ዳርና ሆድ ውስጥ ይኖርና ይነግድ የነበረው የድሬዳዋ ሰው ነው። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ የግንብ መከላከያ ተሠራ፣ ጥናት ተጠና። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ደግሞ በጎፋ፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ናዳ ሰው ቀበረ። የተቀበሩትን ሊያወጡ የተሰበሰቡትን ሁለተኛ ናዳ መጥቶ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ቀበራቸው። ያየነው ምስል በአካፋና በባዶ እጅ ጭቃ የሚምስ ሕዝብ ነበር። ሁለተኛው አደጋ የሚገድለው የመጀመሪያውን ለማንሳት ከጎረቤት በቀር ማንም ሳይኖር ሲቀር ነው።

የላስታ ጎርፍ እንደ ድሬዳዋ በአንድ ሌሊት መቶዎችን አይጨርስም። ስለዚህም ዜና አይሆንም። እሱ የሚገድለው አፈሩን ነው፤ አፈሩን እየገደለ ሰውየውን ያሰድደዋል። አንዱ ልጅ ወደ ወልድያ፣ አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዷ ወደ ዓረብ አገር። በየትኛው ሪፖርት ላይ ነው «በጎርፍ የተሰደዱ» ተብለው የተጻፉት? የትም። «ሥራ ፍለጋ» ነው የሚባሉት።

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሴፍቲኔት አለ አይደል ወይ?» አለ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ በየመንደሩም እርከንና ክትር ሠርቷል፤ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበት አፈርም አይኖርም ነበር። ነገር ግን የሴፍቲኔት ሥራ አስቀድሞ በወጣ ዕቅድ የሚሄድ ነው። ሥራው በበጋ ነው፣ ለአንድ ሰው በወር 5 ቀን ነው፣ የሚከፈለውም ለችግረኛው ምግብ እንዲሆነው ነው። ዓላማው ረሀብን መከላከል ነው፤ ሥራው የተቀጠፈበት ቅጥያ ነው። በነሐሴ የወረደ ቋጥኝ በጥር ዕቅድ ውስጥ የለም። ደግሞስ በዶማና በባሬላ የሚነሳ አለ፣ የማይነሳ አለ። የመንገድ ቱቦ ላይ የተጋደመውን ቋጥኝ የሚያነሳው ሎደር ነው። ለሎደር ነዳጅ የሚከፍል የሴፍቲኔት መደብ አላየሁም። ከሁሉ በላይ ገንዘቡ በአብዛኛው የለጋሾች ነው። የራሱን ጅረት የሚያጸዳበት የራሱ ገንዘብ የሌለው መንግሥት ለጋሹ ፊቱን ያዞረ ዕለት ምን ሊል ነው?

«ሕዝቡ ራሱ ይሥራው፤ ባለቤትነት ይሰማው» የሚሉም አሉ። ይሄኛው ያናድደኛል። በጥርና በየካቲት ለተፋሰስ ዘመቻ የሚወጣው ማን ሆነና ነው? ገበሬው አይደለም ወይ፣ ያለ ክፍያ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ለሳምንታት? ደቦና ወንፈልን ለላስታ ሰው የሚያስተምረው ማን ነው? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል፤ ልክ ነው። ግን ሎሚውን ሃምሳ ሰው ተሸክሞ ሳለ አንድ መቶኛ ሰው ከጎን ቆሞ «ባለቤትነት ይሰማችሁ» እያለ ቢያስተባብር ጌጥነቱ የት ላይ ነው? ባለቤትነት የሚሰማው መብትም ሲኖር ነው። ድንጋዩ ሲነሳ የእኛ፣ በጀቱ ሲያዝ የእነሱ የሚሆንበት ባለቤትነት አላውቅም።

«ተራራውን ያራቆተው ገበሬው ራሱ ነው» የሚለውም አለ። ከፊሉ እውነት ነው። ቁልቁለት ታርሷል፣ እንጨት ተቆርጧል። ግን አንድ ጥማድ መሬት ይዞ ስድስት ልጅ የሚያበላ ሰው ቁልቁለቱን ያረሰው ሜዳ አጥቶ ነው። የአንድ ሰው ማሳ የተዘጋውም ብዙ ጊዜ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ድንጋዩ የወረደው ከሌላ ቀበሌ፣ ከወል መሬት፣ አንዳንዴም መንገድ ሲሠራ ውኃውን ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ማሳው ላይ ከለቀቀው ኮንትራክተር ነው። ጅረት የቀበሌ ድንበር አያውቅም። የጋራ የሆነ ነገር በጋራ ገንዘብ መያዝ አለበት፤ መንግሥት የሚባለው ነገር የተፈጠረው ለዚህ ይመስለኛል።

«ጦርነት ባለበት አገር ስለ ጅረት ይወራል?» አዎ፣ ይወራል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የላስታ ሰው ሰላም የሚባል ዓመት ቆጥሮ አልጨረሰም። ላሊበላ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፋለች፣ ቱሪስቱ ቀርቷል፣ በ2015 ደግሞ ሌላ ዙር ተጀመረ። ጎርፉ ግን ተኩስ አቁም አይጠብቅም። እንዲያውም ጦርነቱ ጉዳዩን ያጠብቀዋል እንጂ አያላላውም፤ የቱሪስት ገቢ የቆመበት፣ መንገድ የሚዘጋበት አገር ያለው ሀብት ማሳው ብቻ ነው። ክላሽ የሚገዛበት ገንዘብ በሁሉም ወገን ይገኛል። ለጋቢዮን ሽቦ የሚሆን ሲጠየቅ ነው ጦርነቱ የሚታወሰው።

«አገሩ ድሃ ነው» ለሚለው ሌሎች አገሮችን እንመልከት። ኦስትሪያ የተራራ ደራሽን የሚቆጣጠር የመንግሥት አገልግሎት ያቋቋመችው በ1884 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ አፄ ዮሐንስ በነበሩበት ዘመን። ጃፓን በተራራ ጅረቶች ላይ ደለልና ድንጋይ የሚገታ ሥራን የመንግሥት ኃላፊነት ያደረገ ሕግ ያወጣችው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዐድዋ ማግስት። የተራራ አገር ካልተያዘ በእግሩ ሥር ያለው ሜዳም እንደማይተርፍ ስለገባቸው፣ ዛሬ ያለው ብልጽግናቸው ሳይመጣ ነው የጀመሩት።

አሜሪካን ደግሞ እዩ። በግብርና መሥሪያ ቤታቸው ሥር የድንገተኛ ተፋሰስ ጥበቃ የሚባል ፕሮግራም አለ። ጎርፍ በጅረት ውስጥ የጣለውን ፍርስራሽ ማንሳት፣ የተሸረሸረ ዳር ማጠናከር፣ የተራቆተ ተዳፋት መሸፈን ሥራው ነው። ፌዴራሉ ከወጪው እስከ 75 በመቶ ይከፍላል፤ ቀሪውን አካባቢው ያዋጣል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ አካባቢው የሚያዋጣው ጥሬ ገንዘብ ብቻ መሆን የለበትም፤ ጉልበትና መሣሪያም በዋጋ ተተምኖ እንደ መዋጮ ይቆጠራል። የእኔ ሙግት እምብርት ይህ ነው። እዚያ የሰው ጉልበት ገንዘብ ነው፤ መዝገብ ላይ ይጻፋል፣ በሦስት እጥፉ የመንግሥት ገንዘብ ይስባል። እዚህ የገበሬው ጉልበት «የሕዝብ ንቅናቄ» ይባልና ለሪፖርት ማድመቂያ ይሆናል። መቶ ሰው ሃያ ቀን ቢሠራ 2,000 የሥራ ቀን ነው። በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ተባዝቶ ይጻፍ፤ የላስታ ገበሬ ድርሻውን ከማንም ቀድሞ ከፍሎ እንደጨረሰ ይታያል። ያልከፈለው ሌላው ወገን ነው።

ደግሞም የሚጠቀመው እሱ ብቻ አይደለም። ተከዜ የሚነሳው ከእነዚህ ተራሮች ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ከላስታ ጅረት ያልተያዘ ደለል ማረፊያው የዚያ ግድብ ሐይቅ ነው። ከዚያም ወዲያ፣ ሱዳን ውስጥ በአትባራ ወንዝ ላይ በ1964 እ.ኤ.አ. የተሠራው የኻሽም ኤልጊርባ ግድብ ከመያዣው ከግማሽ በላይ የሆነውን በደለል አጥቷል። የማን አፈር ነው? ከደጋው የወረደ ነው። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» እንላለን፤ የተከዜን ልጅ ደግሞ አፈር ጠፋው። ለግድቡ ቢሊዮን አውጥቶ ግድቡን ከላይ ለሚሞላው ጅረት ሳንቲም የሚነፍግ አገር ቤቱን በቀለም እያሳመረ ጣሪያውን ለፍሳሽ የተወ ሰው ይመስለኛል።

ጣሪያ ካነሳሁ፣ ላሊበላን አልዘልም። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከዝናብ እንዲጠበቁ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ግዙፍ መጠለያዎች ተተከሉባቸው፤ ስለ ክብደታቸውና ስለ አሠራራቸው ዛሬም ክርክር አለ። እኔን የሚገርመኝ የጥንቶቹ ጠራቢዎች አእምሮ ነው። ሕንፃውን ከመፈልፈላቸው ጋር የውኃውን መውረጃ ፈለፈሉ። ቦዩ፣ ተዳፋቱ፣ ዮርዳኖስ ብለው የጠሩት ጎድጓድ፣ ሁሉም ውኃ በሥርዓት የሚሄድበት ነው። ለእነሱ ቤተ መቅደስና የውኃ መውረጃ አንድ ሥራ ነበሩ። እኛ ግን ለቤተ መቅደሱ ጣሪያ ከባሕር ማዶ ገንዘብ እንለምናለን፤ ቤተ መቅደሱን የሚቀድሰውንና የሚያስቀድሰውን ሕዝብ ማሳ ለጎርፍ እንተዋለን። ሕዝቡ ከተሰደደ ዓለቱን ማን ሊሳለመው ነው?

ሕገ መንግሥቱም ዝም አላለም። አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3 መንግሥት አደጋ እንዳይደርስ እንዲከላከል፣ ሲደርስም በጊዜው እንዲረዳ ግዴታ ይጥልበታል። መከላከል ቀድሞ የተጻፈው በከንቱ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የአደጋ ስጋት ምላሽ ፈንድ የሚያቋቁም አዋጅ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ ብዙ የተወራው ገንዘቡ ከማን ኪስ ይውጣ በሚለው ላይ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ስሙ ላይ ቆምኩ፦ «ምላሽ»። ለምን ሁልጊዜ ምላሽ? ጎርፍ ጠያቂ፣ መንግሥት መላሽ የሆነበት ጨዋታ መቼ ነው የሚያበቃው? ከሠራተኛው ደመወዝም ሆነ ከባንኩ ትርፍ ይሰብሰብ፣ ከዚያ ውስጥ የተወሰነ እጅ ለጅረት ማጽጃና ማገገሚያ ተለይቶ ካልታሰረ ያው ስንዴ መግዣ ሆኖ ይቀራል።

የምጠይቀው የማይቻል ነገር አይደለም። አንደኛ፣ በየወረዳው በጀት ውስጥ ጅረት ማጽጃ የሚል ራሱን የቻለ የሂሳብ መደብ ይከፈት። ገንዘቡ ሐምሌ 1 ቀድሞ ይቀመጥ፤ ጎርፍ እንደሚመጣ እኮ ነቢይ አያስፈልግም፣ ክረምት በየዓመቱ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ በመስከረም፣ የግብርና ባለሙያውና የቀበሌው ሽማግሌዎች ጅረቱን በእግራቸው ሄደው የተሞላውንና የተናደውን ይመዝግቡ። ዝርዝሩ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ፣ በየሰንበቴውና በየቅሬው ይነበብ፤ የትኛው ጅረት እንደሚቀድም ሕዝቡ ይወቅ። ሦስተኛ፣ ማሽን የሚጠይቀው ሥራ አፈሩ ሲደርቅ ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ፣ ጉልበት የሚጠይቀው ከጥር ወዲህ ይሠራ፤ ሰኔ ሳይገባ ይለቅ። አራተኛ፣ የገበሬው የሥራ ቀን በዋጋ ተተምኖ እንደ አካባቢው መዋጮ ይመዝገብ፤ ክልሉና ፌዴራሉ በዚያ ልክ ብቻ ሳይሆን በብዙ እጥፉ እንዲከፍሉ ይገደዱ።

አምስተኛው የአሠራር ጉዳይ ነው፤ ገንዘብ ስላለ ብቻ ጅረት አይድንም። ጅረት ማጽዳት ማለት ኤክስካቫተር አስገብቶ ሆዱን እንደ ቦይ መላጨት አይደለም። ድንጋዩ ሁሉ ተነስቶ ቀጥ ያለ ቦይ ከሆነ ውኃው ይፈጥናል፤ የፈጠነ ውኃ ታች ያለውን ጎረቤት ይበላል። መንገዱን የዘጋው ይነሳ፤ የተነሳው ድንጋይ ደግሞ ወደ ላይ ተወስዶ በየቦረቦሩ ክትር ይሁን፣ በሽቦ ታስሮ ዳሩን ይደግፍ። ጎርፉ ራሱ የግንባታ ዕቃ አምጥቶልናል። ዳሩ ለጥቂት ዓመት ከከብት ይከለል፤ ሣሩና ቁጥቋጦው ራሱ ይመለሳል። ሥራውም ከላይ ወደ ታች ይሂድ፤ ከታች የጀመረ በየዓመቱ ከአንድ ይጀምራል። ይህን በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ የሚባል መንደር ሠርቶ አሳይቷል፤ የተራቆተ ተፋሰሱን አልብሶ፣ ውኃውን መልሶ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸልሟል። ያ መንደር ከላስታ ሩቅ አይደለም፤ ተራራውም ሰውም ይመሳሰላል።

እንግዲህ ማን ይክፈል ለሚለው መልሴ ይኸው ነው፦ ገበሬው በጉልበቱ፣ ወረዳው በባለሙያው፣ ክልሉ በማሽኑ፣ ፌዴራሉ በገንዘቡ፣ ከመብራቱ የሚገኘውም ገቢ ውኃው ለተነሳበት ተራራ ድርሻውን ይመልስ። ማንም ብቻውን አይሸከም፤ ማንም ከሸክሙ አይሸሽ። ይህን ማድረግ ካልተፈለገ ደግሞ ቢያንስ በግልጽ ይነገረን። «የላስታ ጅረት የእኛ ሥራ አይደለም» ተብሎ በማኅተም ይጻፍልን፤ ቁርጡን እንወቅ። በየዓመቱ ኮሚቴ፣ በየዓመቱ ቆጠራ፣ በየዓመቱ ስንዴ ከሚሆን እሱ ይሻላል።

ድንጋዩ ግን መዝገብ እስኪከፈትለት አይጠብቅም። ዛሬ ጅረቱ ሆድ ውስጥ ተኝቷል። ሐምሌ ሲመጣ ይነሳል፤ ያኔ የሚያነሳው ሰው ሳይሆን ውኃው ነው፣ የሚያስቀምጥበትን ቦታም የሚመርጠው ውኃው ነው።